ስክሪን ሙሉ

እትዬ ባይነሽ እንደሚሉት፣ በፍቃዱ የመጋዘኑን በር ቆልፎ ሲያበቃ ቀና አለ። ከበሩ በላይ ወዳለችው ፍርግርግ አንጋጦ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ ሳቀ፣ ቁልፉን ከፍ አድርጎ አንቃጨለ፣ ከዚያ ኪሱ ከትቶ ሄደ። ሰው አናግሯል ማለት ነው። እትዬ ባይነሽ ይህን አንዴ ሳይሆን አራት ጊዜ አይተውታል፤ ይማሉ ቢባሉም ይምላሉ።

በፍቃዱ እንደሚለው ደግሞ፣ ቀና የሚባል ነገር አላለም። ጎንበስ ብሎ ቆለፈ፣ ዞረ፣ ሄደ። ውስጥ ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም፤ ቢያስብማ ኖሮ ምን ቆርጦት ይቆልፋል? ይህንን የሚናገረው ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም። እትዬ ሰኪና አይተዋል፣ ልጃቸው ሪሃና አይታለች፣ የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ሰብሐትም መነጽራቸውን አድርገው አይተዋል። ሰውየው ጎንበስ ይላል፣ ይቆልፋል፣ ይሄዳል።

ከበፍቃዱ በቀር ከእነዚህ ሰዎች አንዳቸውም ያን ጊዜ በሩ ሲቆለፍ በዓይናቸው አላዩም። ያዩት በቴሌቪዥን ነው። ያዩት ሰርግ አንድ ነው፤ የቀረጸው ካሜራ አንድ ነው፤ ዲስኩን የሠራውም አንድ ሰው፣ አዩብ ነው። አዩብም ሁለቱን ወሬ እኩል ሰምቶ፣ ለሁለቱም እኩል ራሱን ነቅንቆ፣ ‘አንዳቸው ተሳስተው ይሆናል’ ከማለት ሌላ ምንም ሳያስብ የቆየው እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ ነው።

ነገሩ የሆነው ከአምስት ወር በፊት፣ ሪሃና በተዳረችበት ቅዳሜ ነበር። አባቷ በሕይወት ሳሉ በመርካቶ የፍራሽ ሱቆች መስመር የታወቁ ነጋዴ ስለነበሩ፣ እትዬ ሰኪና የሙሽራዋ መኪና በአባቷ ሱቅ ደጃፍ ሳያልፍ ወደ አዳራሽ አይሄድም ብለው ጸኑ። የመስመሩ ነጋዴ በሙሉ ሰርግ ተጠርቷልና ገና ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሱቁ ሁሉ ተዘጋ። መኪናው አበባ ተሸፍኖ፣ ጥሩምባው እያንባረቀ በዚያች ጠባብ መንገድ ሲሳብ ካሜራው ከፊት ከፊቱ እየሄደ ይቀርጻል። ከመኪናው ኋላ፣ በምስሉ ዳር፣ ሰማያዊ ጋዋን የለበሰ ሰው የስፖንጅ መጋዘን በር ይቆልፋል። ሰውየው የመጋዘኑ ኃላፊ በፍቃዱ ነው፤ እሱ መሆኑን ራሱም አልካደም።

ውስጥ ጋሽ ውቤ ነበሩ። ሌሊት የመስመሩ ዘበኛ ናቸው፤ ቀን ቀን ደግሞ የስፖንጁ ክምር ላይ ወጥተው ይተኛሉ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከጣሪያው ሥር የመብራት ሽቦ ተያያዘ። እሳቱ ብዙም አልሰፋም፤ ስፖንጅ ግን ነበልባሉ ሳይደርስ ጭሱ ይጨርሳል። መንገዱ ላይ ጩኸት የሚሰማ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ሰርግ ቤት ነው። ጭሱን ከሩቅ አይተው የሮጡት ሰዎች በሩን ሲሰብሩ ጋሽ ውቤን ያገኟቸው ክምሩ ላይ አይደለም። በሩ ሥር ነው። ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን ለቆርቆሮው ሰጥተው፣ ሰው የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር።

እሳቱን ያስነሳው መብራት መሆኑ ተረጋገጠ፤ በዚህ የተከራከረ የለም። የቀረው የቁልፉ ነገር ነው። በፍቃዱ ሰው መኖሩን አላወቅሁም አለ፤ የሟቹ ባለቤት እትዬ እታገኝም ቃሉን ሊቀበሉ ነበር። በመጪው እሁድ የእድሩ ሽማግሌዎች ፊት ይቅር ሊሉት ቀን ተቆረጠ። እትዬ ባይነሽ ‘ኧረ ቀና ብሏል’ ማለት የጀመሩት ይሄኔ ነው።

የአዩብ ሱቅ ሰባተኛ ሰፈር ካለ ሕንፃ ደረጃ ሥር የተወሸቀች፣ አንድ ወንበርና አንድ ኮምፒውተር ይዛ ለደንበኛ መቆሚያ የማታስተርፍ ቦታ ናት። መስኮት የላትም። ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ ተምሮ ሁለት ዓመት ሥራ ሲያፈላልግ ከቆየ በኋላ ቦታዋን ያገኘው በበፍቃዱ ነው። አከራዩ ለማላውቀው ሰው አልሰጥም ሲሉ በፍቃዱ ትከሻውን አቅፎ “ይሄ ልጅ የኔ ነው” አላቸው፤ በቃ፣ ቁልፉን ሰጡት። ከዚያ ወዲህ በፍቃዱ በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ “ዲስኮ” ነው የሚለው። ሰፈሩም ተከተለው።

ዲስክ ድሮ ቀረ ይባላል እንጂ መርካቶ ውስጥ ለሰርግ ዲስክ የሚጠይቅ ሰው አሁንም አይጠፋም። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፤ እናቶች ልብስ ሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጡት ነገር ይፈልጋሉ። አዩብም የድሮ ካሴት ይገለብጣል፣ ሰርግ ያቀናብራል፣ በማርከር ስም ጽፎ ያስረክባል።

የሪሃናን ሰርግ የቀረጸው ሰው ካሜራው አሮጌ ነው። ምስሉ አራት በሦስት የሚሉት ዓይነት ነው፤ ወርዱ አራት ክንድ ቢሆን ቁመቱ ሦስት። የዛሬው ፍላት ቴሌቪዥን ግን አሥራ ስድስት በዘጠኝ ነው፤ ጎንና ጎኑ የተለጠጠ። አዩብ መጀመሪያ ዲስኩን ምስሉን ምንም ሳይነካ ሠራው። እንዲህ ሲሆን በፍላቱ ላይ ምስሉ መሃል ይቆምና ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል። እትዬ ሰኪና ለሰርጉ ብለው ትልቅ ፍላት ገዝተዋል፤ በሦስተኛው ቀን ዲስኩን ይዘው መጡ።

“አንተ አዩብ” አሉት፣ “እኔ ቲቪ የገዛሁት ሙሉ ነው። ምነው ለኔ ሲሆን ግማሽ ሰርግ?”

አዩብ እንደ ልማዱ ወንበሩን ለቆ አስቀመጣቸውና አስረዳ። ጥቁሩን ለማጥፋት መንገዱ ሁለት ነው። ወይ ምስሉን ወደ ጎን መለጠጥ ነው፤ ያኔ ሰው ሁሉ ይወፍራል፣ የመኪናው ጎማም እንቁላል ይሆናል። ወይ ደግሞ ምስሉን ማሳደግ ነው፤ ያኔ ጎኑ ይሞላል፣ ከቁመቱ ግን ሩቡ ከስክሪን ውጭ ይወድቃል። እትዬ ሰኪና በትዕግሥት ሰሙት።

“ልጄን እንደ ጆንያ እንዳታሰፋብኝ” አሉ። “ቁረጠው። ግን የቀሚሷ ጫፍ እንዳይነካ፤ ስንት ተደክሞበታል። ከላይ ቁረጥ። ሰማይና ቆርቆሮ ምን ያደርግልኛል?”

አዩብ ከላይ ቆረጠ። ሙሉ ሩቡን ከላይ ወሰደው፤ ከታች አንድ መስመር አልነካም። አዲሱን ዲስክ ሲያስረክብ በማርከር “ሙሉ” ብሎ ጻፈበት። በሥራው እንዲህ ነው የሚባለው፤ ደንበኛ ሁሉ የሚጠይቀው ስክሪን ሙሉ ነው። ሙሉ ለማድረግ ሁልጊዜ መቁረጥ ማስፈለጉ አንዳንዴ ብቻውን ያስቀው ነበር።

የተመለሰውን የመጀመሪያውን ዲስክ እትዬ ሰኪና ለእትዬ ባይነሽ ሰጧቸው። እትዬ ባይነሽ ራጉኤል አጠገብ የሚኖሩ፣ ሪሃናን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉ ጎረቤት ናቸው፤ ያላቸው ቴሌቪዥን ደግሞ ኋላው እንደ ከርስ የገፋ አሮጌ ሃያ አንድ ኢንች ነው። በእሱ ላይ ያ ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ልክ ይገባል። ጥቁር የለ፣ የተቆረጠ የለ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ እትዬ ባይነሽ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሱቁ በር ላይ ቆሙ። አዩብ ወንበሩን ለቀቀላቸው፤ አልተቀመጡም። ትናንት እትዬ ሰኪና ቤት እንደነበሩ፣ ያንኑ ሰርግ በትልቁ ቲቪ እንዳሳዩአቸው፣ ሪሃናም ሳትቀር እንደሳቀችባቸው ነገሩት።

“እኔ ቤት ቀና ይላል፤ ሰኪና ቤት ቀና አይልም” አሉ። “እዚያኛው ላይ ሲቆም ጊዜ ከአንገቱ በላይ ይቀራል፤ ራሱን አላየሁትም። እስኪ ንገረኝ ልጄ፣ ዓይኔ ነው ወይስ ዲስክህ?”

አዩብ የቆረጠውን ያስታወሰው ያኔ ነው። አየዋለሁ ብሎ ሸኛቸው፤ መስመሩን ጨርሰው እስኪያልፉም ቆሞ አያቸው። ከዚያ የቆርቆሮ በሩን እስከ ወገቡ ዝቅ አደረገ። የምስል ቀለም ሲያስተካክል ብርሃን እንዳይገባበት ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋል። ሳይቆረጥ በኮምፒውተሩ የቀረውን ቅጂ ፈልጎ ከፈተ።

መኪናው መጣ። ሪሃና በመስኮቱ እጇን ታወዛውዛለች። አዩብ ይህን ቦታ ሃያ ጊዜ ሳያየው አልቀረም፤ ያየው ግን ሙሽራዋን ነው። ዲስክ የሚያቀናብር ሰው ዓይኑ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ ሙሽራ ካለች ሌላው ሁሉ ግድግዳ ነው። አሁን ሙሽራዋን ተዋትና ግድግዳውን አየ።

ሰማያዊው ጋዋን ጎንበስ አለ። ቆለፈ። ቆመ። ከበሩ በላይ፣ አዩብ “ሰማይና ቆርቆሮ” ብሎ በወረወረው ክፍል ውስጥ፣ የፍርግርጉ ብረት አለች። በብረቱ መሃል እጅ ወጣች።

እጅ ናት፤ ሌላ ምንም አትመስልም። እስከ ክርኗ ወጥታ ቆርቆሮውን ከውጭ ሁለቴ መታች። በፍቃዱ አንጋጠጠ። ሳቀ። አፉ የሆነ ነገር ሲል ይታያል፤ የሚሰማው ግን ጥሩምባና እልልታ ብቻ ነው። ቁልፉን አንስቶ አንቃጨለ። እጅቱ ጣቶቿን ሰብሰብ አድርጋ እንደ መለመን አለች፤ እንደ መቀለድም አለች። በፍቃዱ ‘ቆይ’ በሚል አኳኋን እጁን አሳየና ሄደ። መኪናው መሃል ገባ፤ መኪናው ሲያልፍ እጅቱ አሁንም እዚያው ናት፤ ከዚያ ካሜራው ዞረ።

አዩብ አምስት ጊዜ መለሰው። በስድስተኛው የቆረጠበትን መስመር ምስሉ ላይ አሰመረና አየ። መስመሩ ከፍርግርጉ በታች፣ ከጎበጠው ሰው ጀርባ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ያልፋል። በእጁ፣ በዚችው ማውዝ ያሰመረው ነው።

የሆነውን ነገር ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም፤ የሰፈሩ ሰው ስለሆነ። መስመሩ ላይ ቀን የተኛ ሰው ይታሸጋል። ከውጭ ይቆለፍበትና “ምን ትጋብዛለህ?” ይባላል፤ ሻይ ወይ ለስላሳ ቃል ካልገባ አይከፈትለትም። አዩብ ራሱ ሱቁን በከፈተ ሰሞን ታሽጓል፤ ለሦስት ሰው ሻይ ጋብዞ ወጥቷል። ሁሉም ያሽጋል፣ ሁሉም ይስቃል። ስለዚህ በፍቃዱ ሰው ሊገድል አልቆለፈም። ይህን አዩብ ለራሱ ደጋግሞ ነገረው፤ እውነትም ነበር። ግን እዚያ ውስጥ ሰው መኖሩን ያውቃል። አምስት ወር ሙሉ አላውቅም ብሏል፤ የማያውቅ ያስመሰለው ደግሞ አዩብ የቆረጠበት መስመር ነው።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ በፍቃዱ በላስቲክ ትኩስ ሳምቡሳ ይዞ መጣ። ከስቷል፤ ጋዋኑ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። እንደ ድሮው ደጃፉ ላይ ተደግፎ ስለ ገበያው፣ ስለ መንገዱ መቆፈር አወራ። ጫማ የሚጠርጉትን ተረበ። ከዚያ ጋሽ ሰብሐት ለእሁዱ ዲስኩን በአዳራሹ ቴሌቪዥን ማየት እንደፈለጉ ነገረው። ሁሉም በአንድ ላይ ይየውና የባይነሽ ወሬ ይዘጋ ብለዋል። የሚያጫውተው አዩብ ነው።

“ስክሪን ሙሉውን አምጣ” አለው። “ሽማግሌ ናቸው፤ ትንሽ ምስል አይታያቸውም።”

አዩብ እሺም እምቢም ሳይል ሳምቡሳውን ተቀበለ። በፍቃዱ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል፣ ያኛውስ፣ ጥቁር ያለው፣ የት ደረሰ ብሎ ጠየቀ። አዩብ ሳያስበው ከአፉ አመለጠው፤ እትዬ ባይነሽ ጋ ነው አለ። ብሎም ሳይጨርስ ጸጸተው።

“አሃ” አለ በፍቃዱ። ቆየት ብሎ የኮምፒውተሩን ጀርባ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። “ይቺ ነገር ደግሞ የማትይዘው የለም፣ አይደል ዲስኮ? ብላ እንጂ፣ ሳይቀዘቅዝ።”

ሲሄድ ሳምቡሳው አዩብ እጅ ላይ ነበር። እንደዚያው ቀዘቀዘ።

ዓርብ ከሰዓት እትዬ ባይነሽ ተመልሰው መጡ። አንድ የማያውቁት ጨዋ ሰው፣ ከሰኪና ተልኬ ነው፣ ላስገልብጠው ብሎ ዲስኩን እንደወሰደ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላም በፖስታ አሽጎ እንደመለሰው ነገሩት። ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጡ። ዲስኩ ለሁለት ተሰብሯል፤ ስብራቱ ቀጥ ያለ፣ መሃል ለመሃል።

“መኪና ውስጥ ተቀመጥኩበት ብሎ ይቅርታ ጠይቆኛል” አሉ። “አንጀቴን በላኝ፤ እጄን ሳመኝ እኮ። በል ሌላ ሥራልኝ፤ አለዚያ እብድ ሆኜ መቅረቴ ነው።”

አዩብ ስብርባሪውን ሰብስቦ መሳቢያ ውስጥ ከተተ። እትዬ ባይነሽን በሩን ለማያውቁት ሰው እንዳይከፍቱ ነገራቸው፤ እሳቸው ሳቁበት። የዚያኑ ዕለት ካልተቆረጠው ቅጂ አንድ ዲስክ ሠራ። ማርከሩን አንስቶ ምን እንደሚጽፍበት አጣና ባዶውን ተወው። ከሸሚዙ ውስጥ፣ ከቆዳው ጋር አድርጎ ያዘው፤ ሲራመድ ጠርዙ ይሰማዋል።

ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ግድም ነው። በሩን እስከ ወገቡ ዝቅ አድርጎ የሌላ ሰው ሰርግ ሲያቀናብር ቆርቆሮው ድንገት እስከ መሬት ወረደ። ቁልፍ ቀጭ አለ። የእግር ኮቴ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ ራቀና ቆመ፤ ወይም ከገበያው ኮቴ ጋር ተቀላቀለ።

አዩብ ቆርቆሮውን መታ። የተሸካሚዎች ‘ዞር በል’፣ የጋሪ ጎማ፣ ስፒከር ላይ የሚጮህ የልብስ ሻጭ አለ፤ የእሱን ምት ማንም አልለየውም። የስክሪኑ ብርሃን ክፍሏን ሰማያዊ አድርጓታል። የኮምፒውተሩ ሙቀት ፊቱን ነካው፤ ክፍሏ ይህን ያህል ትንሽ መሆኗን ከዚህ በፊት አላወቀም ነበር። አንጋጦ ፍርግርግ ፈለገ። የለም፤ ደረጃ ሥር ነው። ስልኩን አወጣ፤ ደረጃው ሥር እንደወትሮው ኔትወርክ የለም። ሩብ ሰዓት ያህል ሆነ። ሳያውቀው በሩ ሥር ተቀምጦ፣ ጀርባውን ለቆርቆሮው ሰጥቶ ነበር። ይህን ሲያስተውል ብድግ አለ።

“ታሽገሃል ዲስኮ” አለ ከውጭ አንድ ድምፅ፣ ከጆሮው አጠገብ። “ምን ትጋብዘኛለህ?”

በፍቃዱ ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተቋረጠ። ቆርቆሮው ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋ፤ በፍቃዱም ከወዲያ ተደግፎት መሆን አለበት።

“‘ለዛሬስ ተወኝ፣ እጋብዝሃለሁ’ ነው ያሉኝ ጋሽ ውቤ” አለ፣ አሁን ዝግ ባለ ድምፅ። “እኔ ደግሞ ‘ከሰርጉ ስመለስ’ አልኳቸው። ስቀዋል እኮ፤ እሳቸውም ስቀዋል። ለግማሽ ሰዓት ነበር። ከዚያ ሰው ያዘኝ፣ ጨዋታ ያዘኝ። ረሳኋቸው፣ አዩብ።”

በስሙ ሲጠራው የመጀመሪያ ጊዜው ነው።

“ሦስት ልጆች አሉኝ። የነገውን፣ አደራ፣ ሙሉውን።”

ቁልፉ ተከፈተ። አዩብ ቆርቆሮውን ወደ ላይ ሲገፋው ፀሐይ ዓይኑን ወጋው፤ ሲገልጥ ደጃፉ ላይ ማንም የለም። በመቆለፊያው ቀለበት ላይ አዲስ፣ የአዩብ ያልሆነ ጓጉንቸር ተከፍቶ ተንጠልጥሏል። መክፈቻው ግን አብሮት የለም።

ያን ቀን ከሰዓት አዩብ ሥራ አልሠራም። በአብነት ሰፈር በኩል ዞሮ በእግሩ ወደ ቤቱ ሲሄድ ነገሩን ከሁሉም ወገን ለማየት ሞከረ። የተማረው እንዲህ ነው፤ ተፈጥሮውም እንዲህ ነው። የሞተው አይመለስም። በፍቃዱ ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱ ባይኖር አዩብ ዛሬም ሥራ ፈላጊ ነበር። ይቅርታው ከተሰጠ ሁሉም ይተኛል። ከተናገረ ደግሞ ሱቋ ትሄዳለች፤ ‘የቆረጥከው አንተ፣ አምስት ወር የት ነበርክ?’ የሚለውም አይቀርም። ያም ሆኖ ሐሳቡ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚወድቀው አንዲት እጅ ላይ ነው። ጣቶቿን ሰብሰብ አድርጋ የምትቀልድ እጅ።

እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የእድሩ አዳራሽ ሞልቷል። ጋሽ ሰብሐት ከነከዘራቸው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እትዬ ሰኪና ከሪሃና ጋር፣ እትዬ ባይነሽ ከእነሱ ራቅ ብለው ብቻቸውን። እትዬ እታገኝ ጥቁር ለብሰው ከሽማግሌዎቹ ግራ ናቸው። በፍቃዱ በሩ አጠገብ ነው። የገበያው ሁካታ እንዳይረብሽ በሩ ይዘጋ ተባለና የዘጋው እሱ ነው፤ መቀርቀሪያው ሲገባ አዩብ ሳይወድ በግድ ዞር ብሎ አየ።

ጋሽ ሰብሐት ጸሎት አደረጉ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሆኑት ሐጂም ዱዓ አደረጉ። ቀጥሎ እትዬ እታገኝ የሚሉት እንዳላቸው ተጠየቁ። ብዙም አልተናገሩም፤ ድምፃቸውም ከፍ አላለም።

“ውቤ ጨለማ አይፈራም፣ ዘበኛ ነው” አሉ። “የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ልጁ ካላወቀ እንደ ልጄ አቅፌው ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ካወቀ ግን፣ ባሌ ያን ሁለት ሰዓት በሩ ሥር ቁጭ ብሎ ማንን ሲጠብቅ እንደነበር ልወቅ።”

በፍቃዱ ጫማውን ያያል።

ጋሽ ሰብሐት ጉሮሯቸውን ጠረጉና በከዘራቸው ወደ ቴሌቪዥኑ አመለከቱ። ትልቅ ፍላት ነው፤ ለዛሬ ብለው እትዬ ሰኪና ያስመጡት።

“በል ልጄ” አሉት ለአዩብ፣ “ሙሉውን አስገባልን።”

አዩብ ተነሳ። በቀኝ እጁ “ሙሉ” የተጻፈበት ዲስክ አለ። ግራ እጁን ሸሚዙ ውስጥ ከትቶ ባዶውን አወጣ፤ በገላው ሞቋል። ሽማግሌው ያሉት ቃል አንድ ነው፤ በእጁ ያለው ግን ሁለት ነው። የተጻፈበትን ቢያስገባ ማንም ዋሸ አይለውም። የተባለውን አድርጓል፤ ቃሉም እዚያው በማርከር ተጽፏል። በፍቃዱ ቀና አለ። ከአዳራሹ ማዶ፣ ልክ ያን ቀን ወደ ፍርግርጉ እንዳየው፣ ቀና ብሎ አየው። አሁን ግን አይስቅም።

አዩብ ማጫወቻው ጋ ደርሶ ቆመ። ፊቱን ያዞረው ወደ ሽማግሌዎቹ ሳይሆን ወደ እትዬ እታገኝ ነው።

“እትዬ፣ ሙሉ ብዬ የጻፍኩበት ይሄ ነው” አለ። “ሙሉ ግን አይደለም። ከላይ ሩቡ የለም፤ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እኔ የማስገባው ይሄኛውን፣ ጥቁር ያለውን ነው።”